ምዕራፍ 6፦ ዶሮና የቅባት እህል፤ የትኛው ምን ይሰጠናል?

ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ዓመቱን ከፍሎ ነው የሚበላው። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ፣ ሥጋና ቅቤ ከድስቱ ወጥተው ተልባው፣ ሱፉ፣ ሰሊጡና ኑጉ ቦታቸውን ይይዛሉ። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ ወጡ ይመለሳል። በዚህ አበላላችን ዙሪያ ሁለት አባባሎች ይሰማሉ። አንዱ የቆየ ነው፤ «የጾም ምግብ ሆድ ይሞላል እንጂ አይጠግንም፤ ጉልበት ያለው ዶሮው ላይ ነው» ይላል። ሌላው የቅርብ ጊዜ ነው፤ «ሰሊጥ ከዶሮ ብዙ እጥፍ ብረት አለው፤ ታዲያ ሥጋ ምን ያደርጋል?» ይላል። ሁለቱም ጥቂት እውነት ይዘዋል። በአንዳቸው ብቻ ተመርቶ ገበታውን የሚያሰናዳ ሰው ግን ሳያውቀው ራሱን ይጎዳል።

የዚህ ምዕራፍ መልእክት አጭር ነው፦ ዶሮ የሚጎድለውን የቅባት እህል ይሞላል፤ የቅባት እህል የሚጎድለውን ዶሮ ይሞላል። የትኛው ምን እንደሚሰጥ ያወቀ ሰው በጾምም በፍስክም፣ በትንሽ ገንዘብም ቢሆን፣ ቤተሰቡን በሚገባ መመገብ ይችላል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በመጀመሪያ እያንዳንዱን በ100 ግራም እንመልከተው።

• ያለ ቆዳ የበሰለ የዶሮ ደረት ሥጋ፦ 165 ካሎሪ፣ 31 ግራም ፕሮቲን፣ 3.6 ግራም ቅባት፣ 1 ሚሊ ግራም ብረት፣ 15 ሚሊ ግራም ካልሲየም። አሰር የለውም።

• ከነቅርፊቱ ያለ ሰሊጥ፦ 573 ካሎሪ፣ 18 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 50 ግራም ያህል ቅባት፣ 14.5 ሚሊ ግራም ብረት፣ 975 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 12 ግራም ያህል አሰር።

• ተልባ፦ 534 ካሎሪ፣ 18 ግራም ፕሮቲን፣ 42 ግራም ቅባት፣ 5.7 ሚሊ ግራም ብረት፣ 255 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 27 ግራም አሰር።

• የተፈለፈለ የሱፍ አበባ ፍሬ፦ 584 ካሎሪ፣ 21 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 51 ግራም ቅባት፣ 5 ሚሊ ግራም ያህል ብረት፣ ከ8 ግራም በላይ አሰር።

• የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ፦ 559 ካሎሪ፣ 30 ግራም ፕሮቲን፣ 49 ግራም ቅባት፣ 8.8 ሚሊ ግራም ብረት፣ 6 ግራም አሰር።

ይህን ዝርዝር ያየ ሰው የቅባት እህሉ በሁሉም ነገር ያሸነፈ ሊመስለው ይችላል። በካልሲየምም በብረትም ዶሮው አጠገቡ አይደርስም፤ የዱባ ፍሬማ በፕሮቲን ሳይቀር እኩል ሆኗል። ነገር ግን ከመፍረዳችን በፊት ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። በአንድ ማዕድ ስንት ግራም እንበላለን? ከበላነውስ ሰውነታችን ስንቱን ይወስዳል? የዚህ ምዕራፍ ቁም ነገር ያለው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ውስጥ ነው።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ 9 ግራም ቢመዝን ነው። ከዚያ የምናገኘው 1.6 ግራም ፕሮቲን፣ 88 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 1.3 ሚሊ ግራም ብረትና 52 ካሎሪ ነው። አንድ ሰው በአንድ ገበታ 100 ግራም ዶሮ መብላት አያቅተውም፤ 100 ግራም ሰሊጥ ግን በአንድ ቁጭታ የሚበላ ብዙ ሰው የለም። ስለዚህ የቅባት እህልን በማንኪያና በእፍኝ፣ ዶሮን በብልት መቁጠር ይሻላል።

ፕሮቲን፦ ዶሮ የሚቀድምበት

ፕሮቲን ጡንቻ ይገነባል፣ ቁስል ይጠግናል፣ ሕፃን ያሳድጋል። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 48 ግራም መሆኑ ነው።

በ100 ግራም የዶሮ ደረት ያለውን 31 ግራም ፕሮቲን ከሰሊጥ ብቻ እናግኝ ብንል 175 ግራም ሰሊጥ መብላት አለብን። ይህ 1000 ካሎሪ ነው፤ ዶሮው ግን ያንኑ ፕሮቲን በ165 ካሎሪ ሰጥቶናል። ክብደት ለመቀነስ ለሚሞክር፣ ከሕመም ላገገመ፣ ወይም የምግብ ፍላጎቱ ለተዘጋ አዛውንት ይህ ልዩነት ከባድ ነው። በትንሽ ጉርሻ ብዙ ፕሮቲን የሚሰጠው ዶሮ ነው።

የፕሮቲኑ ጥራትም ይለያያል። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ክፍሎች የተሠራ ሲሆን ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ዶሮና እንቁላል ዘጠኙንም በበቂ መጠን ይዘዋል። ሰሊጥ ሜቲዮኒን በሚባለው ሲበለጽግ ላይሲን በሚባለው ይጎድላል። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተርና ምስር ደግሞ ተቃራኒዎች ናቸው፤ ላይሲን ሞልቷቸው ሜቲዮኒን ያንሳቸዋል። ስለዚህ በሽሮ ወጥ ላይ የተፈጨ ሰሊጥ ጣል ያደረገች እናት የሁለቱን ጉድለት በአንድ ድስት ሞልታለች። ጿሚው ዶሮን የሚተካበት መንገድ ይኸው ነው፤ ዋናውን ፕሮቲን ከጥራጥሬው አግኝቶ በቅባት እህሉ ማሟላት።

እዚህ ላይ የዶሮ ወጣችንንም በቅርብ እንየው። አንድ ዶሮ ተገፎ ሲበለት 12 ብልት ይወጣዋል። መካከለኛ የሐበሻ ዶሮ ከሆነ በአንድ ብልት ላይ ያለው ሥጋ በግምት ከ40 እስከ 50 ግራም ነው። ይህ 12 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ አብሮ የሚቀርበው አንድ እንቁላል ደግሞ 6 ግራም ይጨምራል። በሰሃኑ ላይ የተረፈው ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ ነው። «ዶሮ በላሁ» ያለ ሰው ያገኘው ፕሮቲን እንግዲህ 18 ግራም ገደማ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን የዕለት ፍላጎቱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ወጡ ላይ እንቁላል መጨመር ብልት ከመሻማት የተሻለ ዘዴ የሆነው ለዚህ ነው። ባለሙያ እናቶቻችን ለወጥ የዶሮውን ቆዳ መግፈፋቸውም ትልቅ ጥቅም አለው፤ ብዙው የዶሮ ቅባት ያለው ከቆዳው ጋር ነውና። ቅቤውን በልክ ካደረግን ወጡ ቀለል ያለ ምግብ ይሆናል።

ብረት፦ በሰሃን ያለውና ወደ ደም የሚገባው

ሰሊጥ ከዶሮ ደረት 14 እጥፍ ብረት አለው የሚለው አባባል በቁጥር ደረጃ ልክ ነው። ጥያቄው ከዚያ ውስጥ ስንቱ ወደ ደም ይገባል የሚለው ነው።

በሥጋ ውስጥ ካለው ብረት ከፊሉ ሄም የሚባለው ዓይነት ነው፤ አንጀት በቀላሉ ይቀበለዋል። በእህል ውስጥ ያለው ብረት ግን ፋይቴት ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ይጣበቃል። ዕፅዋት ፎስፈረስ የሚያከማቹት በፋይቴት ነው፤ በአንጀታችን ውስጥ ደግሞ ብረትንና ዚንክን አስሮ ሳይጠቅሙን እንዲወጡ ያደርጋል። የቅባት እህሎች ፋይቴት የበዛባቸው ናቸው። ስለዚህ ከሰሊጥ 14 ሚሊ ግራም ውስጥ የምንጠቀመው ጥቂቱን ነው።

ዶሮም ቢሆን በራሱ የብረት ሀብታም አይደለም። ከደረቱ የታፋው ሥጋ ትንሽ ይሻላል፤ በብረትም በዚንክም ይበልጠዋል። ትልቁ የዶሮ ውለታ ሌላ ነው፤ ሥጋ አብሮት የተበላው የእህል ብረት እንዲመጠጥ ይረዳል። በጤፍ እንጀራ የተበላ አንድ ብልት የራሱን ጥቂት ብረት ሰጥቶ ሲያበቃ እንጀራው ውስጥ ላለው ብረትም በር ይከፍታል። ከዚህ የተነሣ ጥቂት ሥጋ በብዙ ማዕድ ላይ ማካፈል አንድ ቀን ጠግቦ ከመብላት ይበልጣል።

በጾም ቀን ይህን በር የሚከፍተው ቫይታሚን ሲ ነው። ተልባው ወይም ሱፉ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ከፍትፍቱ ጋር ቲማቲምና ቃሪያ መብላት፣ ከማዕድ በኋላ ብርቱካን መላጥ የእህሉን ብረት ከፋይቴት እጅ ያስለቅቃል። የሊጥ መቡካትም ፋይቴትን ይቀንሳል፤ በደንብ ቦክቶ የተጋገረ እንጀራ የያዘው የምንወደውን ጣዕም ብቻ አይደለም።

በሩን የሚዘጋውንም ማወቅ አለብን። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረትን መመጠጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰው አሳይቷል። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አላደረሰም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ልክ አብሮ እንደተጠጣ ሆኖ ቀንሶታል። የእኛ ልማድ ደግሞ ምግብ እንደተነሣ ቡና ማፍላት ነው። ሱፍና ሰሊጥ የተቀላቀለበት ቆሎ የሚቀርበውም ከቡናው ጋር ነው። ቡናውን ተዉት አልልም፤ ከቤታችን ፍቅር ጋር የተሳሰረ ነው። የደም ማነስ ያለባት ሴት፣ ነፍሰ ጡር ወይም በማደግ ላይ ያለች ልጅ ካለች ግን ቡናውንና ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ማድረግ፣ ወይም ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ማቆየት ትልቅ እርዳታ ነው።

ቫይታሚን ቢ12፦ እህል የማይሰጠው

አንድ ነገር ላይ የቅባት እህል ፈጽሞ ዶሮን አይተካም። ቢ12 ለደም መሠራትና ለነርቭ ጤና አስፈላጊ ሲሆን በሰሊጥም ሆነ በተልባ፣ በሱፍም ሆነ በኑግ ውስጥ የለም። አንድ ጎልማሳ በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። የዶሮ ሥጋ ራሱ በቢ12 ደካማ ነው፤ 100 ግራም ደረት 0.3 ማይክሮ ግራም ብቻ ይሰጣል። አንድ እንቁላል 0.45 ያህል አለው። ከዶሮ ክፍሎች ሁሉ ሀብታሙ ጉበቱ ነው፤ በ100 ግራም 16 ማይክሮ ግራም ገደማ ቢ12 እና ከደረቱ ብዙ እጥፍ ብረት ይዟል። ስለዚህ ትንሿን የዶሮ ጉበት አትናቋት፤ የአንድ ቀን የቢ12 ፍላጎት በእሷ ብቻ ሊሟላ ይችላል። ነፍሰ ጡሮች ግን ጉበትን አያብዙ፤ በቫይታሚን ኤ እጅግ የበለጸገ ስለሆነ ሲበዛ ለጽንሱ አይበጅም።

ሰውነታችን ቢ12ን በራሱ ጉበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያስቀምጣል። ስለዚህ በፍስክ ቀን እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ የሚያገኝ ጿሚ በጾሙ ምክንያት አይጎዳም። መጨነቅ ያለበት በፍስኩም ቢሆን የእንስሳት ምግብ የማያገኝ ሰው ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችና ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱም ቫይታሚኑ በቀላሉ ስለማይመጠጥላቸው በጤና ተቋም ቢመረመሩ መልካም ነው።

የቅባት እህል ብቻ የሚሰጠው

አሁን ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ያደላል። ዶሮ አንድም ግራም አሰር የለውም። አሰር አንጀትን ያለሰልሳል፣ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያረጋጋል፣ በአንጀት ውስጥ ያሉ ጠቃሚ ተሕዋስያንን ይመግባል። ዶሮ ማግኒዥየምም ያንሰዋል፤ 100 ግራም ደረት 29 ሚሊ ግራም ሲሰጥ 30 ግራም የዱባ ፍሬ ግን የዕለቱን ግማሽ ያህል ይሰጣል። ዱባ በተሠራ ቁጥር ፍሬውን ከነጭረቱ የምንጥል ሰዎች፣ ብናጥበው፣ ብናደርቀውና ብንቆላው ገንዘብ ሳናወጣ ምግብ አገኘን ማለት ነው። አንድ እፍኝ የሱፍ አበባ ፍሬ ደግሞ ከዕለት የቫይታሚን ኢ ፍላጎት ሁለት ሦስተኛውን ይሸፍናል።

ከሁሉም በላይ ተልባ ልዩ ነው። ኑግ፣ ሱፍና ሰሊጥ ኦሜጋ 6 የሚባለውን ቅባት በብዛት ይዘዋል። ተልባ ግን ለልብና ለደም ሥር የሚጠቅመውን ኦሜጋ 3 ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 1.6 ግራም ኦሜጋ 3 አለው፤ ይህ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ በቀን የሚመከረው መጠን ነው። በካናዳ ተካሂዶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የእግር ደም ሥራቸው ለጠበበ ሕሙማን በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለስድስት ወር ሰጥቶ፣ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ተልባ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በ10 ያህል ዝቅ ማለቱን አግኝቷል። ይህ መድኃኒት ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ ተልባን ከማዕዳችን ላለማራቅ ግን በቂ ምክንያት ነው።

የተልባ ጥቅም ያለው አዘገጃጀቱ ላይ ነው። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ሳይደቅ የተዋጠ ተልባ በአብዛኛው እንዳለ ይወጣል። የእናቶቻችን አሠራር እዚህ ላይ ትክክል ነው፦ ለቅሞ ማንጓለል፣ በምጣድ ላይ ጣጣ ማለት እስኪጀምር በለሰለሰ እሳት ማመስ፣ በሙቀጫ መውቀጥ ወይም መፍጨት፣ ነፍቶ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ። ማመሱ በጥሬ ተልባ ውስጥ ያለውን ጎጂ ንጥረ ነገርም ይቀንሳል። ሁለት ነገር ይጨመርበት። የተፈጨ ተልባ ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ፈጭቶ በታሸገ ዕቃ ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ። ተልባ ውሃ ስለሚስብ ደግሞ ከእሱ ጋር በቂ ውሃ መጠጣት።

ዘይትን በተመለከተም አንሳሳት። ኑግ ሲጨመቅ ወደ ጠርሙሱ የሚገባው ቅባቱ ብቻ ነው፤ ፕሮቲኑ፣ አሰሩና ማዕድኑ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ፋጉሎውን የሚበሉት ከብቶችና ዶሮዎች ናቸው። የኑግ ዘይት መጠቀም ኑግ እንደመብላት አይቆጠርም። ተቆልቶና ተወቅጦ ሲበላ ብቻ ነው ሙሉው ጥቅም የሚገኘው። ሰሊጥም ቅርፊቱ ሲወልቅ አብዛኛው ካልሲየም አብሮ ይሄዳል፤ ነጭ ሆኖ ከተፈለፈለው ይልቅ ከነቅርፊቱ ያለውን ይምረጡ።

ለልጆች፦ እንቁላልና የተፈጨ እህል

በኢኳዶር ከ6 እስከ 9 ወር ዕድሜ ላሉ ሕፃናት በየቀኑ አንድ እንቁላል ለስድስት ወር ተሰጥቶ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መቀንጨር በ47 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በማላዊ የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ግን ያን ያህል የዕድገት ለውጥ አላሳየም፤ የዚያ አካባቢ ሕፃናት ቀድሞም ዓሣ ይበሉ ነበር። ከሁለቱ የምንማረው እንቁላል ይበልጥ የሚጠቅመው የእንስሳት ምግብ ለማያገኝ ልጅ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ስድስት ወር ለሞላው ልጅ በገንፎው ውስጥ በደንብ የበሰለ እንቁላል ማሸት፣ ከዚያም ታምሶ እንደ ዱቄት የላመ ሰሊጥ አንድ የሻይ ማንኪያ መጨመር ትልቅ ስጦታ ነው። ያልተፈጨ የሱፍና የዱባ ፍሬ ግን ለትናንሽ ልጆች አይሰጥ፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። ሰሊጥም ሆነ እንቁላል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ በጥቂቱ ይሁን፤ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ

ጥሬ ዶሮ ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ጀርሞችን ሊይዝ ይችላል። ወጡ ለረጅም ጊዜ ስለሚፈላ ብዙ ጊዜ ችግሩ ድስቱ ውስጥ አይደለም፤ ዶሮው የተበለተበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ ሲከተፍበት ነው። ዶሮ የታጠበበት ውሃ ወደ ሌላ ምግብ እንዳይረጭ፣ እጅና ዕቃም በሳሙና እንዲታጠብ ያድርጉ። የቅባት እህል ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፤ የሻገተ ወይም መራራ ሽታ ያመጣውን ያለ ርኅራኄ ይጣሉ። ካሎሪውም ከፍተኛ ስለሆነ ለአንድ ቀን ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወይም አንድ እፍኝ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ከዛሬ ጀምሮ የሚሠራ

1. በጾም ቀን፦ በእያንዳንዱ ማዕድ ጥራጥሬ ይኑር፤ ላዩ ላይ የቅባት እህል፣ አጠገቡ ሎሚ ወይም ቃሪያ።

2. በፍስክ ቀን፦ ዶሮ ወጥ ሲሠራ እንቁላሉን ያብዙ፣ ቅቤውን ይቀንሱ፣ ጎመንና ሰላጣ አብረው ያቅርቡ፤ ጠዋት ተልባ ይጠጡ።

3. ዶሮ ውድ ከሆነ፦ ሥጋውን በአንድ ቀን ከመጨረስ ለብዙ ማዕድ ይከፋፍሉት፤ በመካከሉ እንቁላል ይግዙ።

4. የደም ማነስ ካለ፦ ቡናና ሻይን ከምግብ ያርቁ፤ ሐኪም ያዘዘውን የብረት እንክብል ግን ምግብ አይተካውም።

5. ፍስክም ሆነ ጾም፦ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ወይም ከነቅርፊቱ ያለ ሰሊጥ ከዕለት ማዕድዎ አይለይ።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን መጀመር አያስፈልግም። ዛሬ ማታ የጓዳውን ዕቃ ከፍተው ያለዎትን ይመልከቱ፤ ተልባ ወይም ሰሊጥ ከሌለ ነገ አንድ ጣሳ ይግዙ፤ ካለ ደግሞ ጥቂት አምሰው ይፍጩና ለነገ ቁርስ ያዘጋጁ። በሚቀጥለው ፍስክ ቀን ደግሞ ዶሮ ባይገኝ እንኳ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ እንቁላል እንዲደርስ ያድርጉ።